አራዳ እና ባላገር

የቃላት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሥልጣን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 የሐርለሙ የባንድ መሪ ካብ ካሎዌይ የጃዝ ሙዚቀኞችን ቃላት ሰብስቦ አሳተመ። በእነርሱ አነጋገር የነቃ ሰው «ሄፕ» ይባል ነበር። የተናቁት ጥቁሮች በናቂዎቻቸው ፊት የሚኮሩበት ቋንቋ ነበር።

የእኛስ? አራዳ በመጀመሪያ በአዲስ አበባ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረ ገበያ ስም ነው። ከተማዋ ስትሰፋ፣ የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሲገን፣ ነርሲስ ናልባንዲያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሙዚቀኞችን ሲያሠለጥን የሠፈሩ ስም የሰው ሙገሳ ሆነ። የሙገሳው ተቃራኒ ደግሞ «ባላገር» ነው። ባላገር ማለት ግን ባለ አገር ማለት ነበር!

እኔ የአሰላ ልጅ ነኝና ይህ ቃል ይከነክነኛል። በአርሲ ደጋ ስንዴና ገብስ የሚያመርተው ገበሬ ብዙው ጭሰኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ፕሮጀክት (ካዱ) ምርትን አሳደገ፤ ትርፉን ያዩ ባለመሬቶች ግን ትራክተር አስገብተው ጭሰኞቻቸውን አፈናቀሉ። አገር አልባ የሆነው ሰው ከተማ ሲገባ የተቀበለው ስድብ «ባላገር» ነበር።

እንግዲህ ልዩነቱ ይህ ነው፤ የሐርለም ቃል ከታች ወደ ላይ ተወረወረ፣ የእኛው ከላይ ወደ ታች። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ። ስድቡን የሚሽር አዋጅ ግን እስከ ዛሬ አልወጣም፤ እርሱን መሻር የእኛ የከተሜዎቹ ፋንታ ነው።