«አዲሱ ቤት»፦ ኤቼቤሪያ የተሰኘው የባስክ የቤተሰብ ስም አመጣጥና ሥርጭት



በእኛ ልማድ ከሰው ስም ቀጥሎ የሚጠራው የአባቱ ስም ነው። በዚህም የተነሣ የሌላውን ዓለም የቤተሰብ ስም ሁሉ የትውልድ ሐረግ ምስክር አድርገን ለማንበብ እንቸኩላለን። ዛሬ የማነሣው ስም ይህ ንባብ እንዴት እንደሚያሳስት ያሳያል።

በስፔን ፔሬዝ የሚለው ስም በጥንተ ትርጉሙ «የፔድሮ ልጅ» ማለት ነው። ኤቼቤሪያ ግን ሰውን አይጠራም። በባስክ ቋንቋ «ኤቼ» ቤት፣ «ቤሪ» አዲስ ሲሆን፣ መጨረሻ ላይ ያለችው «አ» እንደ አማርኛው «አዲሱ» ያለ እመርነትን ታመለክታለች፤ በአንድነት «አዲሱ ቤት» ይሆናል።

ምክንያቱ በባስክ ገጠር ሥርዐት ውስጥ ይገኛል። በዚያ ቤት የራሱ ስም ነበረው፤ ሰዎችም በሚኖሩበት ቤት ይጠሩ ነበር። በጋብቻ የገባ አማች እንኳ በሚስቱ ቤት ስም ሊታወቅ ይችል ነበር። አዲስ ቤት በየመንደሩ ስለሚሠራ፣ ይኸው ስም በብዙ ስፍራዎች ለየብቻው ተወለደ። ስለዚህ የስሙ መብዛት የአንድ ዘር መብዛት ማስረጃ አይደለም፤ ሁለት ኤቼቤሪያዎችም በስማቸው ብቻ ዘመዳሞች አይባሉም።

ስሙ መልኩን ይለዋውጣል። በምዕራብ በኩል፣ በቢስካያ፣ «ቤሪ» «ባሪ» ስለሚባል ኤቼባሪያ ይሆናል፤ በፈረንሳይ ግዛት ባለው የባስክ ምድር ደግሞ ኤቼቬሪ። በናቫራ የሚገኘው የሃቪየር ግንብ ስያሜም ከዚሁ ሥር የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1506 በዚያ የተወለደው ፍራንሲስ ዣቪየር በ1622 ቅዱስ ተብሎ ሲታወጅ፣ የቤት ስም የነበረው ቃል ለሕፃናት የሚወጣ የክርስትና ስም ሆነ። እኛ በአንድ ፊደል የምንጽፈውን «ቸ» ስፓኒሽ በሁለት፣ ፈረንሳይኛ በሦስት፣ ባስክኛም በሌሎች ሁለት የላቲን ፊደላት ይጽፉታል። በአንዱ አጻጻፍ ብቻ መዝገብ የሚፈትሽ ተመራማሪ ሌሎቹን ያጣቸዋል።

ስሙ ባሕር የተሻገረበት ምክንያትም ከቤቱ አይርቅም። ርስቱ እንዳይበታተን ቤቱ ለአንድ ወራሽ ይተላለፍ ስለነበር፣ ከቀሩት ወንድሞችና እህቶች ብዙዎቹ ወደ አሜሪካ አህጉር ተሰደዱ። አባቱ ባስክ የነበረው አርጀንቲናዊው ባለቅኔ ኤስቴባን ኤቼቤሪያ (1805–1851) እና እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1976 ሜክሲኮን የመሩት ፕሬዚዳንት ሉዊስ ኤቼቤሪያ ይህን ስም የያዙ ናቸው። ቤቱን ያልወረሱት ስሙን ወረሱ።

እንግዲህ ይህን ስም በሰነድ ላይ ስናገኝ፣ «የማን ልጅ ነው?» ከማለታችን በፊት «የየትኛው መንደር፣ የየትኛው ቤት ሰው ነው?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። መልሱ የሚገኘው በደብሩ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ እንጂ በስሙ ውስጥ አይደለም።