የሸዋ ሙስሊም ሴትና የርስት ነገር

የሸዋ ሙስሊሞች ታሪክ ሲነሣ ሱልጣኖችና ዑለማዎች ይዘረዘራሉ፤ ሴቶቹን የሚጠራ ግን ጥቂት ነው። ሆኖም ኤንሪኮ ቼሩሊ የተባለው ጣልያናዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1941 ያሳተመው የሸዋ ሱልጣኔት የዐረብኛ ዜና መዋዕል ከቀደምት ወሬዎቹ አንዱ የሴት ሞት ነው፤ በ1063 ያረፈችው ንግሥት በዲት ቢንት ማያ።

ከቤተ መንግሥት ወጥተን ወደ ተራዋ ሴት ስንመለስ ነገሩ ሌላ ነው። የጥንቷ ግብፅ ሴት እንኳ በስሟ መሬት ትይዝና ትሸጥ ነበር። በመንዝ ደጋም ክርስቲያኗ ልጅ ከእናቷም ከአባቷም ርስት ትካፈል ነበር። ሙስሊሟ በሸሪዓ የወንድሟን ድርሻ ግማሽ ትወርሳለች፤ ግን ምን ትውረስ? በደጋው አብዛኛው ሙስሊም ርስት አልነበረውም፤ ኑሮው ሽመናና ንግድ ነበር። ጥጡን ባዝታ የምትፈትለው እርሷ፣ ሸማኔ የሚባለው ግን ባሏ ብቻ!

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጾታ ሳይለይ ለሚያርስ ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ደነገገ፤ ለሙስሊሙም በር ተከፈተ። በመዝገብ ላይ ግን በአብዛኛው የሚሰፍረው የባል ስም ነበር። በአማራ ክልል የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን የተጻፈበት የይዞታ ደብተር መታደል የጀመረው ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ነው።