ከመጫኛ እስከ መንጠቆ

ክረምት ገብቶ የጌራ ወይም የሰጠማ መንገድ ሲቆረጥ፣ ጅማ ሻይ ቤት ከተቀመጡት አንዱ ሁሌም የሚላት ነገር አለች፦ «ይሄኔ ሄሊኮፕተር ቢኖር!» ሌላው ይስቃል፣ ወሬው ይቀየራል። እኔ ግን ነገሩ በሳቅ የሚታለፍ አይመስለኝም። ሄሊኮፕተር ከሆዷ ስር መንጠቆ አላት። ጆንያ በመረብ ተጠቅልሎ ቢሰጣት አንጠልጥላ ገደሉን፣ ወንዙንና ጭቃውን ታሻግራለች። ታዲያ ቡናችን ለምን እንዲህ አይመጣም?

መልሱን ፍለጋ ወደ ኋላ ስሄድ ያገኘሁት ከጠበቅሁት የተለየ ነው። የጭነት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረን እንደ ጉልበት ታሪክ ነው፦ ከበቅሎ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ አውሮፕላን፣ በየዘመኑ የሚበረታ እየመጣ። የጅማን መንገድ ተከትሎ ለሄደ ሰው ግን በየዘመኑ የሚመለሱት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። ሸክሙ ስንት ይመዝናል? ክፉ ነገር ሲመጣስ ቶሎ ይፈታል ወይ?

መጫኛ

ጅማ መጀመሪያ ገበያ ነበረች፤ ዛሬ የምናውቃት ከተማ የመጣችው በኋላ ነው። ከ1878 እስከ 1932 የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ገበያቸው ደግሞ ታች ሂርማታ ላይ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ የከፋው፣ የሊሙው፣ የሸዋውና የጎጃሙ ነጋዴ እዚያ ይገናኛል። ቡና፣ ማር፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ አሞሌ ጨው ይሸጣል። ሰውም ይሸጥ ነበር። ይህን ዘሎ ስለ ሲራራ ንግድ ማውራት ታሪኩን ግማሽ ማድረግ ነው። ቡናው በበቅሎ ጀርባ በሄደበት መንገድ ባሪያ የተደረጉ ሰዎች በእግራቸው ተነድተዋል።

ቡናው የሚሰፈረው በፈረሱላ ነው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ አምስት ፈረሱላ ሲሆን 85 ኪሎ ይመጣል፣ ለአንድ በቅሎ በቂ ሸክም። የሚታሰረው በመጫኛ ነው፣ ከጠፍር በተሠራ ረጅም ገመድ። አያቴ በወጣትነታቸው ከጌራ ወደ አጋሮ አጋሰስ ነድተዋል፤ ሲያጫውቱን በሁለት ነገር ቀልድ አያውቁም ነበር። አንደኛው ሚዛን ነው። የግራው ጆንያ ከቀኙ ከበለጠ ኮርቻው ይዞራል፣ ኮርቻው ሲዞር የበቅሎዋ ጀርባ ይገጠባል፣ የተገጠበች በቅሎ ደግሞ እስክትድን ሥራ የለም። ሁለተኛው ቋጠሮው ነው። «ማሰርማ ሁሉም ያስራል፤ ሥራው መፍታቱ ነው» ይሉ ነበር።

ነገሩ ወንዝ ላይ ሲደርሱ ይገባል። ጎጀብም ይሁን ዴዴሳ ወይም ጊቤ፣ ውኃው መሃል በቅሎ ከወደቀች ሸክሟ ወደ ታች ይጎትታታል። በሸክም የተወጠረ ቋጠሮ ደግሞ በጣት ቶሎ አይፈታም። ስለዚህ ነጂው አንዱን ጫፍ በአንድ ስበት የሚመዘዝ አድርጎ ነው የሚያስረው። ቡናው ይሄዳል፣ በቅሎዋ ትተርፋለች። ይህን ቋጠሮ ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ዳገት ያለው አውሮፕላን

ጣልያን በወረራው ዘመን ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ ማዕከል አደረጋት። ከአዲስ አበባ ጋር የሚያገናኛትን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድም ሠራ። ጅማ በሰኔ 1941 ነፃ ስትወጣ መንገዱ ቀረላት፤ ጠጋኝ ግን አልቀረለትም። ሀገሪቱ የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ያቋቋመችው በ1951 ነው። በመካከሉ ያለውን ክፍተት የሞላው ያልተጠበቀ ነገር ሆነ፦ አውሮፕላን።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተመሠረተው በ1945 መጨረሻ ነው፤ የመጀመሪያ በረራውን በኤፕሪል 8 ቀን 1946 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። የያዘው ከአሜሪካ ጦር የተረፉ ሲ-47 አውሮፕላኖችን ነበር፣ ብዙ ሰው ዳኮታ የሚላቸውን። መንገደኛው ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ በሚታጠፍ አግዳሚ ይቀመጣል፣ ጭነቱ መሃል ላይ ይታሰራል። ጅማ፣ ጎሬ፣ ደምቢዶሎ፣ ሚዛን ተፈሪ፣ ቴፒ፦ መኪና ያልደረሰበት ወይም ክረምት የሚቀርበት ቦታ ሁሉ ሜዳ ተደልድሎ ዳኮታ ያርፍበት ጀመር። ወደ እነዚህ ከተሞች ጨርቃ ጨርቅና ጨው ይዞ የሚሄድ አውሮፕላን ሲመለስ ቡና ይጭናል። ለዓለም ገበያ ገና ያልታጠበና ያልተቆላ ፍሬ፣ መኪና ሳይሳፈር በፊት ሰማይ አየ ማለት ነው።

ዳኮታ መሬት ላይ ሲቆም ጅራቱ ዝቅ፣ አፍንጫው ቀና ይላል። ወለሉ ዳገት ነው። ጆንያ ተሸካሚው ከኋላ በር ገብቶ ሽቅብ ወደ አብራሪው ክፍል ይወጣል። ዳገቱ የደከመው ሠራተኛ ከበሩ አጠገብ ሊያራግፈው ቢፈልግ አይፈረድበትም። አውሮፕላኑ ግን ይፈርዳል። ጭነቱ ወደ ኋላ ካደላ ወይም ሲነሳ ወደ ኋላ ከተንሸራተተ፣ አፍንጫው ከልክ በላይ ይቀናና ክንፉ አየር መያዝ ያቅተዋል። የአያቴ የግራና የቀኝ ሚዛን እዚህ የፊትና የኋላ ሚዛን ሆነ። በቅሎ ይገጠብ ነበር፤ አውሮፕላን ይወድቃል።

መንጠቆ

ዳኮታ ሜዳ ይፈልጋል፤ ተራራ ጫፍ አያርፍም። ኢትዮጵያ በሄሊኮፕተር በስፋት የተለካችውም በዚህ ምክንያት ነው። ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1964 የአሜሪካ መልሶ ማልሚያ መሥሪያ ቤት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የዓባይን ተፋሰስ አጠና፤ ከጅማና ከአጋሮ ወዲያ ካሉት ተራሮች የሚነሳው ዴዴሳም የተፋሰሱ አካል ነው። በ1960ዎቹ ደግሞ የአሜሪካ ጦር የካርታ መሐንዲሶች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው አገሩን ለካርታ ሲለኩ፣ ባለሙያና መሣሪያ ተራራ ጫፍ ላይ የምታወጣው ሂዩይ የምትባለው ሄሊኮፕተር ነበረች። ሂዩይ ከሆዷ ስር የጭነት መንጠቆ የሚገጠምላት ናት።

ሌላው ትልቅ ዘመን የረሃቡ ነው። በ1985 መጀመሪያ ሦስት ሚ-8 ሄሊኮፕተሮች ይዞ የመጣ የፖላንድ ቡድን ሰሜኑ ተራራ ላይ ሠራ። የእንግሊዝና የጀርመን አውሮፕላኖች እህሉን ከዝቅታ ሲጥሉ፣ ፖላንዶቹ ቀድመው አርፈው የሚጣልበትን ሜዳ ይመርጣሉ፣ ሰውና ከብት እንዳይገባበት ያስጠብቃሉ። እህሉ የመጣው ለተራበ ሰው ነው፤ ከሰማይ የወረደ ጆንያ ግን የተራበውንም ይገድላል። በእነዚያው ዓመታት ወደ 600 ሺህ ሰው በሰፈራ ከሰሜንና ከመሃል አገር ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወሰደ፤ ዋና ከተማው ጅማ የነበረው ከፋ ክፍለ ሀገርም ተቀባይ ነበር። ዛሬ በቡናው አገር አያቶቹን ወሎ የሚቆጥር ጎረቤት ያላችሁ፣ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም።

እንግዲህ መንጠቆው እንዴት ነው የሚሠራው? መንጠቆው የሚገጠመው ከሄሊኮፕተሯ የክብደት ማዕከል ስር ነው፣ ሸክሙ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እንዳይጎትታት። የምትነሳበት ቀን ሲደርስ ከሁሉ በፊት የሚፈተነው ማንጠልጠሉ ሳይሆን መልቀቁ ነው። አብራሪው በእጁ በያዘው መሪ ላይ የመልቀቂያ ቁልፍ አለ፤ ኤሌክትሪኩ ቢከዳ ደግሞ ሌላ ሜካኒካል መልቀቂያ አለ፣ ሂዩይ ላይ በእግር የሚረገጥ። ሁለቱም ሳይፈተኑ ጭነት አይነሳም። ሸክሙ መወዛወዝ ከጀመረና ካልበረደ፣ ዛፍ ከያዘው፣ ወይም ሞተሩ ከደከመ፣ አብራሪው አንድ ጣቱን ይጫናል። ቡናው ይሄዳል፣ ሄሊኮፕተሯ ትተርፋለች። በአንድ ስበት የሚመዘዘው የወንዝ ዳር ቋጠሮ ማለት ይኸው ነው።

መንጠቆው የሚለቅ ስለሆነ ደግሞ ከስሩ ሰው መኖር የለበትም። የበረራው መስመር ከቤትና ከገበያ ርቆ ይመረጣል። ጭነቱን የሚያያይዘው ሠራተኛ አብራሪው በሚያየው በኩል ይገባል፣ ከመግባቱ በፊት መውጫውን ያውቃል፣ በጭነቱና በግድግዳ መሃል አይቆምም። ምልክት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሁለት ሰው እጁን ካወዛወዘ አብራሪው ማንን ይመን? መንጠቆውን በባዶ እጅ መንካትም የለም። ፕሮፔለሩ አየሩን ሲፈትግ የሄሊኮፕተሯ አካል ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ መጀመሪያ መሬት በነካ ዘንግ ካልተራገፈ ሠራተኛውን መትቶ ይጥለዋል። ደግሞ ማንም የማይጠረጥረው ነገር አለ፦ ባዶ መረብ ከሙሉ መረብ ይልቅ ይፈራል። ከባድ ሸክም ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል፤ ባዶው በነፋስ ተነሥቶ የጅራቱን ፕሮፔለር ሊይዝ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ኪሎው አለ። የሚ-8 መንጠቆ 3 ሺህ ኪሎ ይይዛል ይባላል። ይህ የመንጠቆው ልክ ነው፤ የሄሊኮፕተሯ ልክ የዕለቱ አየር የሚፈቅደው ነው። ጅማ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ሙቀቱ 25 ዲግሪ በሆነ ቀትር እዚያ ያለው አየር ለመለኪያ ከሚያዘው የባሕር ዳር አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በሳሳ አየር ፕሮፔለሩ የሚገፋው ያጣል፣ ሞተሩም ይደክማል። ስለዚህ ማለዳ የተነሳ ጭነት ቀትር ላይ እምቢ ሊል ይችላል። አብራሪ «ስንት ኪሎ ነው?» ሲል «ይሄን ያህል ቢሆን ነው» የሚል መልስ አይቀበልም።

አሁን የሻይ ቤቱን ጥያቄ መመለስ ይቻላል። 3 ሺህ ኪሎ ማለት 60 ኪሎ የሚይዙ 50 ጆንያዎች ናቸው፣ እሱም በደህና አየር። ለዚያ ሚ-8 በሰዓት ከ600 ሊትር በላይ ነዳጅ ትጨርሳለች። አንድ አይሱዙ ከዚያ የበለጠ ጭኖ በጥቂት ነዳጅ ይገባል። ደግሞ ሄሊኮፕተሯ ስትወርድ የምታስነሳው ነፋስ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ጠራርጎ፣ ቆርቆሮውን ገንጥሎ ነው የሚቀበላት። መንጠቆ የሚያዋጣው ሌላ መንገድ በሌለበት፣ ከዋጋ በላይ ለሆነ ነገር ነው፦ ለመድኃኒት፣ ለድልድይ ብረት፣ ጎርፍ ለከበበው ሰፈር እህል። ቡና መንገድ ነው የሚፈልገው።

መልቀቂያ የሌለው ተሸካሚ

ታሪኩ ግን እዚህ አያልቅም። ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ዓይኔ ያረፈው በሌላ ተሸካሚ ላይ ነው። ቡናው በበቅሎም መጣ በዳኮታ ወይም በአይሱዙ፣ ከመጋዘን እስከ መኪና ያለችውን ሃያ እርምጃ የሚያሻግረው የሰው ጀርባ ነው። ጫኝና አውራጅ እንላቸዋለን። አጋሮ ሄዳችሁ በመኸር ወቅት ብትቆሙ ታዩዋቸዋላችሁ፦ ጆንያ አንገታቸው ላይ አጋድመው በጠባብ ሳንቃ ላይ ወደ መኪናው የሚወጡ፣ አብዛኞቹ ከኔ ያነሱ ልጆች።

የዓለም ሥራ ድርጅት በ1967 ስለ ሸክም ክብደት ስምምነትና ምክረ ሐሳብ አውጥቷል። ምክረ ሐሳቡ ለአንድ ጎልማሳ ወንድ የሚያስቀምጠው ከፍተኛ ልክ 55 ኪሎ ነው። ለውጭ ገበያ የሚዘጋጀው የቡና ጆንያ 60 ኪሎ ይይዛል። ንጹሕና ደረጃው የተጠበቀ የተባለው ጆንያ እንኳ ከመጀመሪያው ልኩን አልፏል ማለት ነው። ከገጠር የሚመጣው የጀንፈል ጆንያማ የገዛ ሰው ያለውን ያህል ነው።

ልዩነቱን እዩት። አያቴ ለበቅሎ የሚመዘዝ ቋጠሮ አሰሩ። ዳኮታ ያለ ሚዛን ወረቀት አልተነሳም። ሄሊኮፕተር ሁለት መልቀቂያ ተሠራላት፣ በየበረራውም ይፈተንላታል። ሳንቃው ላይ የሚወጣው ልጅ ግን ወገቡ ክፍት ሲል የሚጫነው ቁልፍ የለውም። ሸክሙን ቢጥል ጆንያው ይቀደዳል፣ ቡናው ይፈስሳል፣ ዋጋው ከእሱ ይቆረጣል። ስለዚህ አይጥልም። ወገቡ ሲሄድም «አያያዙን ስላላወቀበት ነው» ይባላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ለዚህ ነው፤ ጆንያውን ያን ያህል የሞላውን የሚጠይቅ የለም።

መፍትሔው ከሰማይ የሚወርድ አይደለም፣ እንደ ሄሊኮፕተር ውድም አይደለም። ጆንያው ለሰው ጀርባ በሚሆን ልክ ይሞላ፣ ክብደቱ ከመነሳቱ በፊት ይታወቅ፣ ላዩ ላይም ይጻፍ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚሸከመው ሰው «ይህ ለኔ ከበደ» ብሎ ማውረድ ይቻለው፣ ለዚህም የዕለት ገቢውን አይጣ። አብራሪ ይህን ሲያደርግ ጥንቁቅ እንለዋለን። ጫኝና አውራጁም ያው ሥራ ነው የሚሠራው፤ ልዩነቱ እሱ ራሱ መንጠቆው መሆኑ ነው።