ዳግም ቀረጻ

በሙዚቃ ሙያ «ዳግም ቀረጻ» የሚባለው ቀደም ሲል ተቀርጾ የተሰራጨ ድርሰት በሌሎች ተጫዋቾች ወይም በራሱ በደራሲው እንደ አዲስ ተጫውቶ ሲቀረጽ ሲሆን፣ የቆየን የቴፕ ክር ከጫጫታ ማጽዳት ግን አዲስ ጨዋታ ስለሌለበት በዚህ ስም ሊጠራ አይገባም። ልማዱ ከሚታይባቸው መስኮች አንዱ የሳይንሳዊ ልቦለድ ፊልሞች ሙዚቃ ነው፤ ጆን ዊሊያምስ ለ«ስታር ዋርስ» ደርሶ የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የተጫወተውን ሥራ፣ ፊልሙ በወጣበት በ1977 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ገርሃርት ናሽናል ፊልሃርሞኒክን እየመራ ዳግም አስቀርጾታል። በኖታ የተጻፈ ድርሰት ለዚህ ይመቻል። በ1963 እ.ኤ.አ. ዴሊያ ደርቢሻየር የቴፕ ክር እየቆራረጠች ያቀናበረችው የ«ዶክተር ሁ» የቴሌቪዥን ድራማ መግቢያ ሙዚቃ ግን ኃይሉ በድምፁ ቀለም ላይ በመሆኑ፣ ኦርኬስትራ ሲጫወተው ዜማው ይተርፋል እንጂ ባዕድነቱ ይጠፋል።

በዳግም ቀረጻና ነባርን ቅጂ በመጠቀም መካከል ያለውን ልዩነት ከኢትዮጵያ የሙዚቃ ደራሲው የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች ያሳያሉ። የጂም ጃርሙሽ ፊልም «ብሮክን ፍላወርስ» (2005 እ.ኤ.አ.) የሙላቱን «የከርሞ ሰው» የወሰደው ከነባሩ ቅጂ ስለሆነ ዳግም ቀረጻ አልነበረም፤ በ2025 እ.ኤ.አ. በወጣው «ሙላቱ ፕሌይስ ሙላቱ» ግን ደራሲው የራሳቸውን የቆዩ ድርሰቶች እንደገና ተጫውተው አስቀርጸዋል። በአርብ ገበያም ሆነ በሌላው የጋይንት አገር በየሠርጉ ማሲንቆ ለሚመታ አዝማሪ ቃሉ ጨርሶ አይስማማም፤ ግጥሙንም ዜማውንም እንደ ታዳሚው ስለሚለዋውጥ፣ ዳግም የሚባልለት አንድ ቋሚ መነሻ የለውምና።