ደመ ከልብ

ቴድ በንዲን የማያውቅ የፊልም ወዳጅ አለ ለማለት ይቸግራል። መልከ መልካም፣ አንደበተ ርቱዕ፣ የሕግ ተማሪ የነበረ ነፍሰ ገዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ፍሎሪዳ ውስጥ ሲዳኝ ችሎቱ በቴሌቪዥን ታየ። ሞት የፈረደበት ዳኛ እንኳ ጥሩ ጠበቃ ይወጣህ ነበር ብሎታል። በ1989 በኤሌክትሪክ ወንበር ከመቀጣቱ በፊት 30 ግድያ አምኗል። መጽሐፉም ፊልሙም ዛሬ ድረስ አላባራም።

እስቲ ሌላ ስም ልጥራ፤ ሳሙኤል ሊትል። አላወቃችሁትም አይደል? ኤፍ.ቢ.አይ. በ2019 በአሜሪካ ታሪክ ብዙ ሰው የገደለ ብሎ ያስታወቀው ግን በንዲን ሳይሆን ይህንን ሰው ነው። 93 ሰው አንቆ መግደሉን ተናዟል፤ በወቅቱ 50ው ተረጋግጦ ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ሲያልቅ እንዴት “ኡኡ” የሚል ጠፋ? ሊትል በ1940 ጆርጂያ ተወልዶ ኦሃዮ ያደገ የቀድሞ ቡጢኛ ነው። ከ1970 እስከ 2005 ድረስ ከከተማ ከተማ እየዞረ ገድሏል። የሚመርጣቸው በአብዛኛው ድሃ ጥቁር ሴቶችን ነው፤ ሴተኛ አዳሪዎች፣ የዕፅ ሱሰኞች፣ ቤት አልባዎች። በቡጢ ካደነዘዘ በኋላ በእጁ ያንቃል። ጥይት የለ፣ ስለት የለ። ስለዚህ ብዙዎቹ “ዕፅ በዝቶባት”፣ “በአደጋ”፣ “ምክንያቱ ያልታወቀ” ተብለው ተመዘገቡ። የበንዲን ሰለባዎች፣ ብዙዎቹ ነጭ ተማሪዎች፣ ቤተሰብም ጋዜጣም ሲፈልጋቸው የሊትልን ማን ይፈልግ? እሱም ይህንን አውቆ ነው የመረጣቸው።

ሕግ እጅ አልገባም እንዳይባል፣ ገብቷል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሚሲሲፒ ውስጥ በግድያ ተጠርጥሮ ክስ ሳይመሠረትበት ቀረ። ፍሎሪዳ ውስጥ ተከስሶ በ1984 ነጻ ወጣ፤ የምስክሮቹ ቃል አልታመነም ነበር። ያኔውኑ ሳንዲያጎ ውስጥ ሴቶችን ደብድቦ ታሰረና በ1987 ተፈታ። ከዚያ በኋላ በሎስ አንጀለስ ሦስት ሴቶች ሞቱ።

በመጨረሻ ያጋለጠው የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ነው። በ2012 ኬንተኪ ውስጥ ከአንድ የቤት አልባዎች መጠለያ ተያዘ፤ በ2014 ለሦስቱ ሴቶች ሦስት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። በ2018 ጄምስ ሆላንድ የተባለ የቴክሳስ መርማሪ አብሮት ተቀምጦ ሲያወጋው የቀረውን ዘረገፈ። እስር ቤት ሆኖም የገደላቸውን ሴቶች መልክ ከትዝታው እየሣለ ሰጠ። ቤተሰብ ቢለያቸው ተብሎ ሥዕሉ ለሕዝብ ተበተነ። ሊትል በታኅሣሥ 2020፣ በ80 ዓመቱ ሲሞት ስማቸው ገና ያልታወቀ ነበሩ።

አስቡት! ፖሊስ ያልፈለጋቸውን፣ ሐኪም በቅጡ ያልመረመራቸውን ሴቶች ፊት ይዞ የኖረው ገዳያቸው ሆነ።

እኛ ፈላጊ ያጣን ሟች “ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ” እንላለን፤ እንደ ውሻ ደም ማለት ነው። ስለ ነፍሰ ገዳዮች ሲወራ ሁሌ የሚጠየቀው ምን ዓይነት ጭንቅላት ቢኖራቸው ነው የሚለው ነው። የሊትል ግን ይህን ያህል የሚያስደንቅ ብልጠት አልነበረውም። 35 ዓመት የሸፈነው የራሱ ተንኮል ብቻ አይደለም፤ “እሷማ ያው ናት” የሚለው የሌሎች ፍርድ ጭምር እንጂ።