ስለ ስእለትና ስለ ብፅዓት፤ የአባታችን የያዕቆብ ታሪክ

በግዕዝ ቋንቋ ስእለትና ብፅዓት ሁለት ቃላት ናቸው። ስእለት፥ ሰአለ፥ ለመነ ካለው ግስ የወጣ ስለ ሆነ ልመና ማለት ነው፤ ብፅዓት ግን ሰው እሰጣለሁ፥ አደርጋለሁ ብሎ በገዛ ፈቃዱ ለእግዚአብሔር የሚገባው ቃል ነው። ባማርኛ ሁለቱም ባንድነት ስእለት ይባላሉ። ስማቸው አንድ በመሆኑም ብዙ ሰው ልመናውን ያስታውሳል፥ የገባውን ቃል ግን ይረሳል። በጭንቅ ቀን የተናገረውን በደስታ ቀን ቢያሳስቡት ሌላ ሰው የተናገረው ይመስለዋል። ይህም ድካም የዛሬ ሰው ብቻ አይደለም፤ በአባታችን በያዕቆብ ዘመንም ታይቷል።

ያዕቆብ የወንድሙን የዔሳውን ቍጣ ፈርቶ ከቤርሳቤህ ወደ ካራን ሲሸሽ ፀሓይ ጠልቃበት በመንገድ አደረ። ሀብቱ በትሩ፥ ትራሱም ድንጋይ ነበረ። በዚያች ሌሊት ከምድር እስከ ሰማይ የደረሰች መሰላል አየ፤ የእግዚአብሔርም መላእክት ይወጡባትና ይወርዱባት ነበር፤ ሊቃውንትም ይህችን መሰላል በእመቤታችን ይመስሏታል። በነጋም ጊዜ ድንጋዩን አቁሞ ዘይት አፈሰሰበት፥ ስፍራውንም ቤቴል፥ ይኸውም የእግዚአብሔር ቤት ብሎ ጠራው። በዚያም ብፅዓት ገባ፤ እግዚአብሔር በመንገዱ ቢጠብቀው፥ እንጀራና ልብስ ቢሰጠው፥ ወደ አባቱም ቤት በሰላም ቢመልሰው፥ ያ ድንጋይ የእግዚአብሔር ቤት እንዲሆን፥ ካገኘውም ሁሉ ዐሥራት እንዲያወጣ ቃል ሰጠ። የለመነው እንጀራና ልብስ ነው እንጂ ወርቅና መንግሥት አይደለም።

እግዚአብሔርም ከለመነው አብልጦ ሰጠው። በላባ ዘንድ 20 ዓመት አገለገለ፤ 14ቱን ስለ ሚስቶቹ፥ 6ቱን ስለ መንጋው። በበትር ብቻ የሄደው ሰው የብዙ መንጋ ጌታ፥ የ11 ወንዶች ልጆች አባት ሆኖ ተመለሰ። ገና በላባ ቤት ሳለ እግዚአብሔር የቤቴሉን ብፅዓት በሕልም አሳስቦት ነበር። ከዔሳው ጋራ ከታረቀ በኋላ ግን በሱኮት ለራሱ ቤት ሠራ፥ ለከብቱም ዳስ አቆመ፤ ቀጥሎም በሴኬም ከተማ ፊት መሬት ገዝቶ ተቀመጠ። በዚያም መሠዊያ አቆመ፤ ነገር ግን ብፅዓቱ የቤቴል ነበረ እንጂ የሴኬም አልነበረም። ሌላ በጎ ሥራ መሥራት የተሳሉትን እንደ መክፈል አይቈጠርም።

በሴኬምም ልጁ ዲና ተደፈረች፤ ወንድሞቿም የከተማውን ወንዶች በሰይፍ ገደሉ፤ ያዕቆብም አሕዛብ እንዳይነሡበት ፈራ። መጽሐፍ ይህ መከራ ስለ ብፅዓቱ መዘግየት የመጣ ቅጣት ነው አይልም። ስለዚህ ማንም የባልንጀራውን መከራ አይቶ ስእለቱን ባያገባ ነው ብሎ ሊፈርድበት አይገባም። መጽሐፍ የሚለው እግዚአብሔር ለሁለተኛ ጊዜ ተናግሮት ወደ ቤቴል እንዲወጣ እንዳዘዘው ነው። ያዕቆብም አስቀድሞ ቤተ ሰቡን ከጣዖት አነጻ፥ ልብሳቸውንም አስለወጠ፤ ከዚያ በኋላ ወጣ። ስእለት የሚያገባ ሰው ከእጁ መንሻ በፊት ቤቱን ሊያነጻ እንዲገባው ከዚህ ይታወቃል።

መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ ከዚህ የበለጠውን ይተርካል። ያዕቆብ መሠዊያውን ካዘጋጀ በኋላ ሌዊንና ይሁዳን ይዞ ወደ አባቱ ወደ ይስሐቅ ሄዶ ከመሥዋዕቱ እንዲገኝለት ለመነው። ይስሐቅ ግን በዚያን ጊዜ ዕድሜው 165 ዓመት ነበረና መንገድ አልችልም አለ። በርሱም ፈንታ ርብቃን ሰደደ፤ ልጁንም ስለ ብፅዓቱ እንደሚጠየቅበት አስጠንቅቆ፥ ሳይዘገይ እንዲፈጽመው አዘዘው። በቤቴልም ያዕቆብ ከሰውና ከከብት፥ ከዕቃና ከልብስ ሁሉ ዐሥራት አወጣ። ልጆቹንም ራሔል ከፀነሰችው ከብንያም ጀምሮ ወደ ላይ ቢቈጥር ዐሥረኛው ሌዊ ሆነ፤ የክህነት ልብስም አለበሰው። ስለዚህ የሌዊ ክህነት በኩፋሌ እንደ ተጻፈው ከተፈጸመ ብፅዓት ጋራ የተያያዘ ነው።

ሕገ ኦሪትም ያልተሳለ ሰው ኃጢአት እንደሌለበት፥ የተሳለ ግን እንዳይዘገይ ያዛል፤ በነውር የተገኘ ገንዘብም ለስእለት እንዳይገባ ይከለክላል። ጌታችንም በወንጌል ቍርባን ነው እያሉ አባትና እናታቸውን ከመርዳት የሚከለከሉትን ገሥጿል። ስለዚህ ከድኻ ደመወዝ ተቀንሶ ለመቅደስ የሚገባ መጋረጃ፥ ከተራበች እናት ጕሮሮ ተነጥቆ የሚበራ ጧፍ ስእለት አይባልም። ዮፍታሔ ሳያስተውል ተስሎ በአንዲት ልጁ አለቀሰ፤ ሐና ግን አስተውላ ተስላ፥ ጡት ያስጣለችውን ሳሙኤልን ራሷ ወደ ሴሎ ወስዳ ሰጠች። የሰጠችውም ሌላ ልጅ ሳታገኝ ነው፤ ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆች የተጨመሩላት ከዚያ በኋላ ነው።

በአገራችንም ብዙ አድባራት የብፅዓትና የምስጋና ፍሬ ናቸው። ልዑል ራስ መኰንን በ1888 ዓ.ም. ከሆነው ከዐድዋ ድል በኋላ ለምስጋና በቍልቢ የቅዱስ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን እንዳሠሩ ይነገራል፤ በ1898 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ያረፉትም በዚያው በቍልቢ ነው። እርሳቸው ካረፉ በኋላም በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ቀን ሕዝቡ ስእለቱን ይዞ ወደዚያ ይጐርፋል።

ኢዮቤልዩም የደስታ ዓመት ብቻ አይደለም፤ በሕገ ኦሪት እርሻውን ለእግዚአብሔር የተሳለ ሰው የእርሻው ዋጋ የሚታሰብለት እስከ ኢዮቤልዩ በቀረው ዓመት ልክ ነበረና፥ የስእለት መቍጠሪያ ዓመት ነው። እንግዲህ የዚህ ደብር ካህናትና ምእመናን በዓሉን ሲያከብሩ እያንዳንዱ በልቡ ወደ ቤቴሉ ይመለስ፤ በጭንቁ ቀን ምን ብሎ ነበር? ለራሱ ቤት ሠርቶ፥ ለከብቱ ዳስ አቁሞ፥ ዘይት ያፈሰሰባትን ድንጋይ ረስቷት ይሆን? የረሳ ቢኖር ተስፋ አይቍረጥ፤ ያዕቆብን ሁለት ጊዜ ያሳሰበ አምላክ ዘግይቶ ሲመጣ በቤቴል ተገልጦ ባርኮታልና። ለርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ አሜን።