በየጎጆው የምትዞረው ነርስ

ዛሬ የምናወራው ስለ እንግሊዝ አገር የገጠር ድኾችና ስለ አስታማሚዎቻቸው ነው። ዘመኑ ንግሥት ቪክቶሪያ የነገሡበት፣ ከ1837 እስከ 1901 ያለው ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምነግራችሁ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ፋብሪካና ባቡር የሞላባት አገር ነበረች። ታዲያ በሰው መሬት በቀን ሥራ የሚያድረው የገጠር ድኻ ሲታመም ማን ያስታምመው ነበር? ሚስቱ ወይም ጎረቤቱ። ሐኪም ሩቅ ነው፤ ቢመጣም ዋጋው አይቀመስም። ሴት ምጥ ሲይዛት የመንደር አዋላጅ ትጠራለች። አዋላጇ ልበ ደግ ልትሆን ትችላለች። ግን እጇን አጥርታ መታጠብ ለምን እንደሚያስፈልጋት ያስተማራት የለም። ብዙ እናቶች በወሊድ ትኩሳት ሞቱ።

ነገሩ የተጀመረው ከተማ ውስጥ ነው። ሚስተር ዊልያም ራትቦን የሚባሉ የሊቨርፑል ነጋዴ ነበሩ። በ1859 ሚስታቸው ታመው ሞቱ። ያስታመመቻቸው ሜሪ ሮቢንሰን የተባለች ነርስ ነበረች። ሚስተር ራትቦን አሰቡ፦ ሁሉ በሞላበት ቤት ነርስ ይህን ያህል ከጠቀመች፣ በድኻ ቤትማ እንዴት አትጠቅም! ነርሷን ለሦስት ወር ቀጥረው ወደ ድኾች ቤት ላኳት። አንድ ወር ሲሆናት ተጨንቃ ተመለሰች። ያን ሁሉ መከራ ማየት አልቻለችም፤ አሰናብቱኝ አለች። እሳቸው ግን ትንሽ ታገሺ አሏት። ታገሠች። ሦስት ወሩ ሲያልቅ መቀጠል የፈለገችው ራሷ ነች። በ1862 በሊቨርፑል የነርሶች ማሠልጠኛ ተቋቋመ።

ገጠሩስ? እዚህ ላይ ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ማለሰን ይመጣሉ። እሳቸው መምህርት ነበሩ። በ1864 በለንደን ለሠራተኛ ሴቶች ኮሌጅ የከፈቱ ናቸው። ተማሪዎቹ እንደ እናንተው ከሥራ በኋላ የሚማሩ ነበሩ። በኋላ ወደ ግሎስተርሺር ገጠር ሄደው ሲኖሩ፣ ሴቶች ያለ ሠለጠነ አዋላጅ ሲወልዱ አዩ። ስለዚህ በ1880ዎቹ ጎተሪንግተን በምትባል መንደር ማኅበር አቋቋሙ፤ በመዋጮም የሠለጠነች ነርስ ተቀጠረች። ሐሳቡ ወደ ሌሎች መንደሮችም ተዛመተ።

ግን ክርክር ነበር። በሰሪ አውራጃ ወይዘሪት በርታ ብሮድውድ ሌላ መንገድ ጀምረው ነበር። የእሳቸው ነርስ ጥቂት ወር ብቻ ትማራለች። ከበሽተኛዋ ቤት ታድራለች፤ ታበስላለች፣ ልጆች ታጥባለች። ክፍያውም እንደ ቤተ ሰቡ አቅም ነው። ወይዘሮ ማለሰን ግን የድኻም ሕይወት ሕይወት ነውና የሠለጠነ እጅ ይገባዋል ባይ ነበሩ። እኔ ከእሳቸው ጋር ነኝ። ሆኖም እናቲቱ ተኝታ ልጆቹን ማን ያብላ የሚለው የወይዘሪት ብሮድውድ ጥያቄ ቀላል አይደለም እኮ!

በ1887 ንግሥቲቱ 50 ዓመት የነገሡበት በዓል ሲከበር የአገሩ ሴቶች ገንዘብ አዋጡ። ከዚያ 70,000 ፓውንዱ ለድኾች ነርሶች ተመደበ። በ1889 ድርጅቱ በንግሥቲቱ ቻርተር ጸደቀ። የወይዘሮ ማለሰን ማኅበርም በ1890ዎቹ ከዚሁ ጋር ተቀላቀለ። ነርሶቹ ሆስፒታል ከተማሩ በኋላ ቤት ለቤት ማስታመምን ይለማመዱ ነበር። ለገጠር የሚላኩት ደግሞ ማዋለድ ይጨምራሉ። በእግርም በብስክሌትም ከመንደር መንደር ይሄዳሉ። ሃይማኖት መስበክም ሆነ ገንዘብ መመጽወት ክልክል ነበር። መመጽወት ለምን ተከለከለ ትሉ ይሆናል። ነርሷ የምትፈለገው ለሙያዋ እንጂ ለሳንቲሟ እንዳይሆን ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የመንደሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ብዙ ጊዜ የባለ መሬት ሚስት ነበረች። ያው ባለ መሬት ለሠራተኛው የጉልበቱን ዋጋ በሚገባ ቢከፍለው ኖሮ፣ ሠራተኛው ነርሱን ራሱ በቀጠረ ነበር።

አዋላጅ ሁሉ ተምራና ተመዝግባ እንድትሠራ የሚያዝዘው ሕግ በእንግሊዝና በዌልስ የወጣው በ1902፣ ንግሥቲቱ ከሞቱ በኋላ ነው። የመንደር አዋላጆችን በአንድ ቀን መተካት ስለማይቻል፣ ያልሠለጠኑት ለተወሰኑ ዓመታት እንዲቀጥሉ ተፈቀደላቸው።